በነጭ ኮላ የተጣበቀው ጥግ

ጡረታ የወጣሁ ለት ከመጽሐፍ መጠረዣ ቤቱ ይዤ የወጣሁት አንድ የአጥንት ማጠፊያ ብቻ ነው። ሌባ ጣት ያህላል፤ ከከብት አጥንት የተቀረጸ ነው፤ ወረቀት ስናጥፍ መስመሩን የምናስተኛበት መሣሪያ ነው። አሁን ወጥ ቤት መሳቢያ ውስጥ ከማንኪያዎቹ ጋር ይተኛል። ልጄ ሲጋሊት ሹካ ስትፈልግ ታገኘውና “እማ፣ ይሄን ምን ላድርገው?” ትለኛለች። ተይው እላታለሁ። እሷ ስትሄድ መሳቢያውን ከፍቼ መኖሩን አያለሁ።

ጠባዬ ነው። ከቤት ስወጣ ጋዙን ሁለቴ እነካለሁ። አንድ ቀን አውቶቡሱ ከሰፈራችን ከነቬ ሐይም ሳይወጣ ወርጄ በእግሬ ተመልሻለሁ። ጋዙ ተዘግቶ ነበር፤ ሥራ ግን አረፈድኩ። ልጆቼ ስልክ ሳያነሱ ሲቀሩ ልቤ የሚያስበውን ለሰው አልናገርም። በወረቀት ጥገና ሥራ ይህን ሁሉ ዘመን ያቆየኝ ይኸው ፍርሃቴ ነው። አንድ ጊዜ ያሳተኝም እሱው ነው። የምጽፈው ስለዚያ ስህተት ነው።

የሰፈራችን የጡረተኞች ክለብ ውስጥ የሥራ ዘመናችሁን ጻፉ ሲሉን ብዙዎቹ ሳቁ። ምን እንጻፍ፣ ጠረግን ብለን ነው ወይ አሉ። እኔም ትምህርቴ እዚያው ጎንደር ገጠር እስከ ሦስተኛ ክፍል ነው። ዕብራይስጡን እስራኤል ከመጣሁ በኋላ ኡልፓን ገብቼ፣ የአዲስ መጪዎች የቋንቋ ትምህርት ቤት ማለት ነው፣ ጥቂት በጥቂት ለቀምኩት። አማርኛዬ ግን አልከዳኝም፤ በእሱ እጽፋለሁ።

ቤተ እስራኤሎች ነን፤ በሱዳን አድርገን ስንመጣ ሲጋሊት ገና ጡት ትጠባ ነበር። መጀመሪያ የሠራሁት ጋን ሽሙኤል በሚባል መንደር በኩል ብርቱካን መለየት ነው። ብርቱካኑ በቀበቶ ላይ ያልፋል፤ የተመታውን ታወጫለሽ። ዓይኔን ስጨፍን ሁሉ ብርቱካን ያልፍ ነበር። አለቃዬ ቀርፋፋ ነሽ አለኝ። እውነቱን ነው፤ አንዱን ብርቱካን ሁለት ጊዜ ነበር የማገላብጠው። ከዚያ አንድ ካብላን፣ ሠራተኛ ለየድርጅቱ የሚያቀርብ ሰው፣ ኢንዱስትሪ ዞን ወስዶ የጽዳት ሥራ ላይ አስገባኝ። በቀን አምስት ወርክሾፕ እጠርጋለሁ። አራተኛው የመጽሐፍ መጠረዣ ነበር።

የመጠረዣ ቤት ወለል ቁርጥራጭ ወረቀት አያጣም። ባዶውን እጥላለሁ። ፊደል ያለበትን ግን መጣል አልቻልኩም። አባቴ ማንበብ አይችልም ነበር፤ ቢሆንም ፊደል ያለበት ወረቀት መሬት ላይ ካየ አንስቶ የግድግዳ ስንጥቅ ውስጥ ይሸጉጠው ነበር። የፈጣሪ ስም ይኑርበት አይኑርበት በምን አውቃለሁ ይላል። እኔም ጥፍር የሚያህለውን ሳይቀር እየለቀምኩ ፖስታ ውስጥ አኖር ነበር። አንድ ጠዋት የቤቱ ባለቤት ጠረጴዛ ሥር በጉልበቱ ተንበርክኮ ሳለ ደረስኩ። ከአንድ ያረጀ መጽሐፍ የፊት ገጽ ትንሽ ቁራጭ ጠፍታበት ነው። ፊቱ አመድ መስሏል። ፖስታዬን አመጣሁለት። ጠረጴዛው ላይ ዘርግፎ በወረንጦ ሲፈልግ ቆየና አገኛት። ከዚያ ቀና ብሎ ስሜን ጠየቀኝ። ዘሃቫ አልኩት፤ ስንመጣ ወረቀት ላይ የጻፉልኝ ስም ነው።

“የወረቀቱን አይደለም፤ እናትሽ ያወጣችልሽን።”

ወርቅነሽ አልኩት። ለመጥራት ሦስት ቀን ፈጀበት፤ ግን ተማረው። በወሩ መጥረጊያውን አስጥሎ ጠረጴዛ ሰጠኝ። ደመወዙ ከጽዳቱ ብዙም አይሻልም ነበር። ለእኔ ግን ቁጭ ብሎ መሥራት ራሱ ደመወዝ ነበር።

ባለቤቱ አዶን ቲቦር፣ አቶ ቲቦር እንደ ማለት ነው፣ ከሃንጋሪ የመጣ ሰው ነው። ቲቦር ብቻ በይኝ ብሎ ስንት ጊዜ ለምኖኛል። ታላቅን በባዶ ስሙ ለመጥራት አፌ እምቢ ስላለኝ እስኪሞቱ ድረስ አዶን ቲቦር፣ እርስዎ እንዳልኩ ኖርኩ። በእጃቸው የሚመጣውን መጽሐፍ ሁሉ መጀመሪያ ያሸቱታል። ሻጋታ ካለው ከዓይን በፊት አፍንጫ ያውቃል ይላሉ። እሑድ እሑድ ጠዋት ከነጭ የስንዴ ዱቄት ሙጫ ያበስላሉ፤ በትንሽ ድስት፣ በዝግታ፣ ሳያቋርጡ እያማሰሉ፣ ከዚያ በወንፊት ያጠሉታል። ሙጫው በሳምንቱ ውስጥ መኮምጠጥ አለመኮምጠጡን የሚያውቁት በምላሳቸው ነው። ጣታቸውን ነክረው ይቀምሳሉ፤ ከኮመጠጠ ይደፋል። እኔንም አስቀመሱኝ። እንደ ገንፎ ነው አልኳቸው። ቅቤ የለውም እንጂ አሉ፤ ገንፎ ምን እንደሆነ ነግሬያቸው ስለነበር።

ከሁሉ በላይ አንድ ጥያቄ ነበራቸው። ምንም ነገር ብሠራ መጥተው ከኋላዬ ይቆሙና “ይመለሳል?” ይላሉ። ማለታቸው፣ ዛሬ ያጣበቅሽውን ከአንቺ በኋላ የሚመጣ ሰው ገጹን ሳይጎዳ ማላቀቅ ይችላል ወይ ነው። የስንዴ ሙጫ ትንሽ ውሃ ሲያገኝ ይለቃል። ስለዚህ ለአሮጌ ወረቀት እሱ ብቻ ነው የሚፈቀደው። ነጭ ኮላ፣ ያ በፕላስቲክ ጠርሙስ የሚሸጠው፣ ለአዳዲስ የትምህርት ቤት መዝገብ ሽፋን ነው። አንዴ ከደረቀ አይመለስም። ሥራው ሲያልቅ በትንሽ ወረቀት ላይ የተጠቀምንበትን ሙጫና የተሠራውን ሁሉ በእርሳስ ጽፈን ከመጽሐፉ ጀርባ እናኖራለን። “ይህ ወረቀት ለደንበኛው አይደለም፤ አይተሽው ለማታውቂው ሠራተኛ የተጻፈ ደብዳቤ ነው” ይሉኝ ነበር።

አባቴ ሸማኔ ነበር። ወረቀትም እንደ ሸማ ወደ አንድ ወገን በቀላሉ እንደሚታጠፍ፣ ወደ ሌላው እንደሚያስቸግር ሲያሳዩኝ፣ ድርና ማጉ ነዋ አልኳቸው። የድሮ ወረቀት ካለቀ ጨርቅ እንደሚሠራ የነገሩኝ ያን ቀን ነው። ከዚያ ወዲህ አሮጌ ገጽ ስነካ የሰው ልብስ የነካሁ ይመስለኛል።

ጥግ ማንበብንም ከእሳቸው ተማርኩ። የገጽ ጥግ እንዴት እንደተያዘ ይናገራል። አንድ ሰው የአያቱን የጸሎት መጽሐፍ አምጥቶ ጥጉ ላይ የነበረውን የሻማ ጠብታ አጽጄ ልሰጠው ስል አዶን ቲቦር እጄን ያዙኝ። መጽሐፉን የሚያበላሸውን እናወጣለን፤ ሰው የተወውን እንተዋለን አሉኝ። ይህን የነገሩኝ አስቀድመው ነው። ሳላውቅ ሠራሁት እንዳልል ነው ይህን የምጽፈው።

ወይዘሮ ሩት የመጡት በዚያ ጊዜ ነው። ከአንድ ኪቡጽ ነው የመጡት፤ ኪቡጽ አብሮ የሚያርስ፣ አብሮ የሚበላ መንደር ነው። ያኔ ስልሳ የሞላቸው ቀጥ ያሉ ሴት ነበሩ። ከትራስ ልብስ ውስጥ አራት ስስ ጥራዞች አወጡ። ለአራት ተጫዋች የተጻፈ ሙዚቃ ነው፤ ኳርቴት ይሉታል። ሁለቱ ቫዮሊን፣ አንዱ ከቫዮሊን ተለቅ የሚለውን ቪዮላ፣ አንዱ ትልቁን ቼሎ ይጫወታሉ፤ ለእያንዳንዱ የየራሱ ጥራዝ አለው። ማንም የሌላውን አያይም። አንዱ ጥራዝ ከጠፋ ሦስቱ ዋጋ የላቸውም። አዶን ቲቦር ጣቴን ወስደው የገጹን ዳር አስነኩኝ፤ ዙሪያውን ጠለቅ ያለ መስመር አለ። ኖታው አንድ በአንድ መዳብ ላይ እየተመታ ተቀርጾ፣ መዳቡ ወረቀቱ ላይ ተጭኖ የታተመ ነው፤ መስመሩ የመዳቡ ጠርዝ ነው። ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ይሆነዋል አሉ። እጄን ቶሎ አነሳሁ።

ቪዮላውን የሚጫወቱት የወይዘሮ ሩት አባት ነበሩ። የእሳቸው ጥራዝ አንድ ገጽ ላይ የላይኛው ጥግ ተቀዶ በክር ያህል ነው የተያዘው። አዶን ቲቦር እንደ ልማዳቸው ምን ይታይሻል አሉኝ። ፈራ እያልኩ የታየኝን ተናገርኩ። ተጫዋች ራሱ ሲገልጥ የሚቆሽሸው የታችኛው ጥግ ነው። ይሄ ከላይ ነው የቆሸሸው፤ አጠገቡ የተቀመጠ ሌላ ሰው ነው የሚገልጥለት። ጣቱም ቀጭን ነው፤ ቅባት አለው፤ ሊጥ ስታቦካ ቆይታ የመጣች ሴት ትመስለኛለች አልኩ።

ወይዘሮ ሩት ወደ ጥጉ ጎንበስ አሉ።

“እናቴ ናት” አሉ። “ኖታ ማንበብ አትችልም ነበር። አባቴ ራሱን ሲነቀንቅላት ትገልጥለታለች።”

እናታቸው የሞቱት እሳቸው የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሳሉ ነው። ፎቶግራፍ እንኳ አልቀረላቸውም። ከጣቱ አሻራ አጠገብ በእርሳስ በላቲን ፊደል የተጻፈ ስም ነበር፤ ማርጋሬታ ይላል፤ ዘጠኝ ፊደል። አባታቸው በሙዚቃው ተመስጠው ራስ መነቅነቁን እንዳይረሱ የጻፉት ነው። ቅዱ በስሙ ሥር ያልፋል። ከእናታቸው የቀረው ይኸው ጥግ ነው፤ እሱም ሊወድቅ ነው። ለፋሲካ ሳምንት ወንድማቸው ከውጭ ቼሎውን ይዞ ስለሚመጣ እስከዚያ እንዲደርስላቸው ለመኑ።

አዶን ቲቦር ሦስቱን ጥራዞች ጨረሱ። ቪዮላውን ሊጀምሩ ሲሉ ልባቸው ታመመና ሆስፒታል ገቡ። በስልክ ያሉኝን ቃል በቃል አስታውሳለሁ። “የስንዴ ሙጫ፣ ቀጭኑ ወረቀት፣ ከጀርባ በኩል። ሌላ ምንም።”

እሺ አልኩ። የስንዴ ሙጫ ግን አልነበረም። እኔው ነበርኩ ያስወገድኩት።

ፋሲካ አራት ቀን ቀርቶታል። እናቴ ለፋሲካ የዓመቱን የሸክላ ዕቃ ሁሉ ትሰብር ነበር፤ እርሾ የነካ ነገር ቤት ውስጥ አያድርም። እዚህ ስንመጣ ደግሞ አይሁድነታችሁ ተጣርቶ ይታይ አሉን። ያ ነገር በእያንዳንዳችን ላይ የራሱን ሠራ። አንዳንዱ ተወው። እኔ ባሰብኝ። ማንም መጥቶ ጎዶሎ እንዳያገኝብኝ ፋሲካ በደረሰ ቁጥር ቤቴን በመርፌ ጫፍ ሳይቀር አጸዳለሁ። ያን ዓመት ደግሞ አዶን ቲቦር ስለሌሉ መጠረዣ ቤቱንም አጸዳሁት። የዱቄቱን ማሰሮ ደፋሁ፣ ድስቱን አጠብኩ፣ ወንፊቱን ጣልኩ። ሙጫ አይበላም የሚል ሰው ይኖራል። እኛ መጠረዣ ቤት ግን ይቀመስ ነበር። ዱቄትና ውሃ ተቦክቶ ሲኮመጥጥ እርሾ ካልሆነ ምን ሊሆን ነው? የእኛን የቤተ እስራኤል ቄስ ወይም ረቢ ልጠይቅ ብዬ አሰብኩ፤ ይስቁብኛል፣ ወይም ይህችም ይህን አታውቅም ይላሉ ብዬ ፈራሁ። ከብዙ ጊዜ በኋላ አንድ የሰፈራችንን ቄስ ጠየቅኳቸው። ለመጽሐፍ የተደረገ ሙጫ ምንም የለበትም ልጄ አሉኝ። ደቂቃ አልፈጀባቸውም።

ዱቄት መልሼ ማስገባት ፈራሁና ነጩን ኮላ በውሃ አቀጠንኩት። ጥቂት ነው አልኩ። ቅዱ ላይ በብሩሽ ጫፍ አስኬድኩት፤ ፈሰሰና በስሙ ላይ ወጣ። ደነገጥኩ። እንዳይታወቅ ቀጭኑን ወረቀት ከጀርባ ሳይሆን ከፊት አለበስኩት። ከጣቱ አሻራም ከስሙም በላይ። ሲደርቅ ምንም አይታይም፤ እንዲያውም ያማረ ነበር። ከዚያ ትንሹን ወረቀት ወስጄ በዚያ በኡልፓን ዕብራይስጤ “የስንዴ ሙጫ” ብዬ ጻፍኩ።

ወይዘሮ ሩት መጥተው ጥጉን ሲያዩ ግንባሬን ሳሙኝ። ያ መሳም እስካሁን ያቃጥለኛል።

አዶን ቲቦር ወደ ሥራ ሲመለሱ በምን ሠራሽው አሉኝ። እንዳሉኝ አልኩ። ሌላ አልጠየቁኝም። በዓመቱ ፋሲካ ሲቃረብ አንድ ጠዋት ስገባ ጠረጴዛዬ ላይ ሙጫ በአዲስ ማሰሮ ተቀምጧል። “የድንች ነው” አሉኝ፤ “ድንች እርሾ የለውም። አቅሙ ትንሽ ነው፤ ግን ይመለሳል።” ከዚያ በኋላ በየዓመቱ ሳይነገራቸው ያበስሉልኝ ነበር። ለሃይማኖቴ አሰቡልኝ ብዬ አመሰገንኳቸው።

እኔ ግን ሰላም አላገኘሁም። ሥራውን እየተማርኩ በሄድኩ ቁጥር ያደረግሁት እየገባኝ ሄደ። ነጭ ኮላ በዓመታት ውስጥ ቢጫ ይሆናል። እንደ ጥፍር ይደርቃል። ወረቀቱ መተጣጠፍ ሲፈልግ እሱ እምቢ ይላል፤ በመጨረሻ ወረቀቱ በኮላው ጠርዝ ይሰበራል። ሰው ስልክ ደውሎ ኪቡጽ ባለ ቁጥር ወይዘሮ ሩት ናቸው እላለሁ። የባሰ ያስፈራኝ ግን የጻፍኳት ወረቀት ናት። አንድ ቀን የማላውቀው ሠራተኛ ያቺን አምኖ ጥጉን በውሃ ሊያላቅቅ ይሞክራል። ኮላው አይለቅም፤ የሚለቀው ወረቀቱ ነው። ሄጄ ልናገር ብዬ ስንት ጊዜ ተነሳሁ። ልጆቼ ትንንሾች ነበሩ፤ ሥራዬን ባጣስ እላለሁ። ልጆቹ አደጉ፤ ያኔ ደግሞ ሌላ ምክንያት አገኘሁ። አዶን ቲቦር ሞቱ። ሳልነግራቸው።

መጠረዣ ቤቱን የወንድማቸው ልጅ ወረሰና አለቃዬ ሆነ። ክፉ ሰው አይደለም፤ ፈጣን ነው። ትልቅ የፎቶ ማሽን አስገባ፤ መጽሐፍ ከመጠገን ይልቅ ፎቶ ማንሳት በዛ። እኔን ጥግ ላይ አስቀምጦ አንድ ነገር በእጅ መሠራት ሲኖርበት ይሰጠኛል። ወርቅነሽ ሳትጨነቅ የዋለች ቀን መብራት ይጠፋል እያለ ይቀልድብኝ ነበር።

ጡረታዬ አንድ ወር ሲቀረው አንዲት ወጣት ሴት በሩን ከፍታ ገባች። ገና ፊቷን ሳላይ የትራስ ልብሱን አወቅሁት። የያዝኩትን ወረቀት አስቀመጥኩ።

ታማር ትባላለች፤ የወይዘሮ ሩት የልጅ ልጅ ናት፤ እሷም ቪዮላ ትጫወታለች። ቪዮላውን ጥራዝ ዘረጋችው። ጥጉ እንደ ፈራሁት ነበር፤ ቢጫ፣ ደረቅ፣ ስሙ ከሥሩ እንደ ጭቃ ውሃ ደፍርሶ፣ በጠርዙ ዙሪያ አዲስ ስንጥቅ ጀምሮ። አንድ ጊዜ በፍጥነት ቢገለጥ ወድቆ ይቀራል። አለቃዬ ይህ ሙዚቃ እኮ ከኢንተርኔት በነጻ ይወርዳል፣ በአምስት ደቂቃ አትሜ ልስጥሽ አላት።

“ኢንተርኔቱ ላይ የሳቭታ እናት የሉም” አለችው።

ሳቭታ አያቴ ማለቷ ነው። አያቷ ዘጠና አልፏቸዋል። ከሁለት ሳምንት በኋላ ከዚሁ ወረቀት ስንጫወትላቸው መስማት ይፈልጋሉ አለች። ከዚያ ከጥራዙ ጀርባ ትንሿን ወረቀት አወጣችና አነበበች። “የስንዴ ሙጫ ይላል። በውሃ ይለቃል ማለት አይደለም?”

አለቃዬ ቀላል ነው ብሎ ብሩሹን ውሃ ነከረ። እሱ የአጎቱን ቤት ወረቀቶች ያምናል፤ ለምን አያምን። ብሩሹ ጥጉ ላይ ሊያርፍ ሲል የእጁን አንጓ ያዝኩት። አለቃ እጅ ይዤ አላውቅም።

“አትንካው” አልኩ። “ውሸት ነው። እኔ ነኝ የጻፍኩት።”

ሁለቱም አዩኝ። ነጭ ኮላ ነው አልኩ። ከዚያ ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ቆሜ፣ በተሰባበረ ዕብራይስጥ። ታማር ጥራዙን ወደ ራሷ ሳብ አደረገችው። አልፈርድባትም። አለቃዬ ታዲያ ማን ያውጣው አለ፤ እሱ የወረቀት ሙያ የለውም፤ ወደ ትልቅ ከተማ ይላክ ቢባል ተራው ወራት ነው። ታማር እጆቼን አየች። “ያስገባችው ታውጣው” አለች።

አራት ቀን ፈጀብኝ። ሁለቱን ቀን ጥራዙን አልነካሁም፤ በዋጋ ቢስ አሮጌ ወረቀት ላይ ኮላ እየቀባሁ፣ እያደረቅሁ፣ ማላቀቅ ተለማመድኩ። አልኮልና ውሃ ቀላቅዬ፣ በመጣጭ ወረቀት ነክሬ፣ ኮላው ላይ ብቻ አስቀምጬ እጠብቃለሁ። ኮላው አብጦ እንደ አይብ ሲለሰልስ በአጥንት ማጠፊያዬ ሹል ጫፍ የሰሊጥ ፍሬ የምታህል አነሳለሁ። ከዚያ ማድረቅ። ከዚያ እንደገና። ሲጋሊት ምሳ ላይ ስትደውል እማ ለምን ትንፋሽ ያጥርሻል ትለኛለች።

የጣቱ አሻራ ወጣ። ከቅባቱ ጋር፣ እንዳለ። ስሙም መውጣት ጀመረ። አንድ ፊደል፣ ሁለት፣ አምስት። ስድስተኛው ላይ ኮላው ሲነሳ ከሥሩ ግራጫ ሆኖ መጣ። እርሳሱ ወረቀቱን ለቅቆ ኮላው ላይ ቀርቷል። አቆምኩ። እጄን ጭኔ ሥር አድርጌ ተቀመጥኩ። የቀሩት ፊደላት ኮላው በጣም የወፈረበት ቦታ ናቸው፤ ብተወውም ቢጫው ይበላቸዋል፣ ባነሳውም ይሄዳሉ። ለታማር ደውዬ ጠየቅኋት። አውጪው አለች። አወጣሁት። አራት ፊደል ሄደ። ቅዱን በስንዴ ሙጫ፣ ከጀርባ፣ ያኔ እንደታዘዝኩት፣ ዘጋሁት።

ለወይዘሮ ሩት ግን ታማር እንድትነግርልኝ አልፈለግሁም። በአውቶቡስ ወደ ኪቡጹ ሄድኩ። በመስኮት አጠገብ በወንበር ተቀምጠው አገኘኋቸው፤ ያ ቀጥ ያለ ጀርባ ጎብጧል፤ ዓይናቸው ግን ያው ነው። ጥራዙን ጉልበታቸው ላይ ዘርግቼ ከመጀመሪያው ጀምሬ ነገርኳቸው። ዱቄቱን ለምን እንደደፋሁ ስደርስ አስቆሙኝ።

“ለፋሲካ ብለሽ?”

“አዎ።”

“እኛ ኪቡጹ ውስጥ በፋሲካ ዳቦ እንበላ ነበር” አሉ። “አንቺ ደግሞ ከሙጫ ጾምሽ።”

ሊስቁ ነው ሊቆጡ አላወቅሁም። ጣታቸውን በስሙ ላይ አስኬዱና ባዶው ቦታ ላይ ቆሙ።

“ማርጋ ነው የቀረው” አሉ።

“አራቱን ያጠፋሁት እኔ ነኝ።”

“አባቴም ማርጋ ነበር የሚላት።”

እውነት ይሁን፣ ለእኔ ብለው ያሉት ይሁን አላውቅም። አልጠየቅኋቸውም። እሳቸው ወደ መስኮቱ ዞረው ሌላ ነገር አነሱ። ቲቦር ደግ ሰው ነበር አሉ። በዚያ ፋሲካ ከሆስፒታል በወጣ በሁለተኛው ቀን በከዘራ ተደግፎ ሙዚቃውን ሊሰማ መጥቶ ነበር። ሲያልቅ የቪዮላውን ገጽ አንስቶ ጥጉን በአውራ ጣቱ ዳበሰው፤ አሸተተውም። ሙቀት ያለበት ቦታ አታኑሪው አለኝና መልሶ አስቀመጠው። ሌላ ምንም አላለም።

በአውቶቡሱ ስመለስ ያ የድንች ሙጫ ማሰሮ ፊቴ ላይ ድቅን አለ። አሥራ ምናምን ፋሲካ። በየዓመቱ አንድ ማሰሮ ሲያስቀምጡልኝ እኔ አመሰግናለሁ፣ እሳቸው ቆመው ያዩኛል። አሁን ይመስለኛል፣ የሚያዩኝ እስክናገር እየጠበቁ ነበር። መውረጃዬን አልፌ ሁለት ፌርማታ ሄድኩ።

አዲሷን ወረቀት በእርሳስ ጻፍኩ። ሲጋሊት የፊደል ስህተት ላርምልሽ ብላ አየቻትና አንዳች ሳትነካ መለሰችልኝ። “እዚህ ጥግ ላይ ነጭ ኮላ ነበረ። ያደረግሁት እኔ ነኝ፣ የስንዴ ሙጫ ነው ብዬ የዋሸሁትም እኔ ነኝ። አውጥቼዋለሁ። አራት ፊደል ጠፍቷል። አሁን ያለው የስንዴ ሙጫ ነው፤ ይመለሳል።” ከሥሩ ወርቅነሽ ብዬ ፈረምኩ።

የሚጫወቱበት ቀን ከሰዓት በኋላ እንድመጣ ጠሩኝ። ታማርና ሦስት ጓደኞቿ በወይዘሮ ሩት ክፍል በክብ ተቀመጡ፤ ቦታ ጠቦ ጉልበት ለጉልበት ሊነካኩ ምንም አልቀራቸውም። በሩ አጠገብ ልቆም ስል ወይዘሮ ሩት በጣታቸው ጠሩኝና ከታማር ግራ ያለውን ወንበር አሳዩኝ።

“ገልጪላት” አሉ።

ኖታ አላውቅም አልኳቸው። እናቴም አታውቅም ነበር አሉኝ።

ተቀመጥኩ። እጄን ሁለት ጊዜ በቀሚሴ ጠረግሁ። ሙዚቃው ጀመረ። ቆንጆ ይሁን አይሁን ልነግራችሁ አልችልም፤ አልሰማሁትም። የማየው ጥጉን ብቻ ነው። ሙጫው በደንብ ደርቋል? አየሩ ረጥቧል? ብስበውና ቢወድቅስ፣ እናቱን ስንት ጊዜ ሊቀብር ነው ሰው? መስመሮቹ እየተጠናቀቁ ወደ ገጹ ግርጌ ተቃረብን። እጄን ማርጋ ወደሚለው የላይኛው ጥግ ዘርግቼ አውራ ጣቴን በጣቱ አሻራ ላይ አሳረፍኩ። ልክ መጣ።

ታማር ራሷን ነቀነቀች። ገለጥኩ። ወረቀቱ ድምፅ ሳያሰማ ዞረ።